የአንድ ቀን ባህል፤ ከላኢዬ የማሳያ መንደር እስከ ዝዋይ ደሴቶች

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ የከተማ ሰፈር ከሆነ ገና ረዥም ጊዜ አልሆነውም። ቤት ሳይሞላው በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ በአንድ ወገን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ፣ በሌላው ወገን ሙዚቃ ሰፈር የሚባለው መንደር፣ በየመካከሉም የግንብ አጥርና ባለ ፎቅ ቤት ይታይበታል። ነዋሪው ከየአገሩ መጥቶ የተሰበሰበ ነው። አባት ከአንድ አውራጃ፣ እናት ከሌላ አውራጃ የመጡበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ ልጆቹ ግን የአባታቸውንም ሆነ የእናታቸውን አገር በወሬ እንጂ በዓይን አያውቁትም። ስለዚህ እሑድ ወይም የበዓል ቀን በደረሰ ጊዜ «ልጆቹ ባህል ይዩ» እየተባለ ከቤት የመውጣት ልማድ ተጀምሯል። አያት ካሉ አያትም አብረው ይሄዳሉ።

«ባህል ማየት» የሚለው አነጋገር ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ባህል የሚለው ቃል የመጣው «ብህለ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ግሡ «አለ፣ ተናገረ» ማለት ነው፤ እንግዲህ ባህል በመሠረቱ የተባለ ነገር፣ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ቃል ነበረ ማለት ነው። ልማድና ወግ የሚለውን ትርጉም ያገኘው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ከጆሮ ወደ ዓይን ተዛውሯል። ባህል የሚለበስ፣ የሚጨፈር፣ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ሆኗል። ይህ መዛወር ምን እንዳስቀረና ምን እንዳመጣ ለመመርመር፣ ነገሩ ቀድሞ ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተሠራበትን ሩቅ አገር መመልከት ይጠቅማል። የለቡ ቤተ ሰብ ለአንድ ቀን የሚያደርገውን፣ በሐዋይ ደሴቶች የዕረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ቤተ ሰብ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያደርገው ኖሯል።

በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ላኢዬ በሚባል መንደር የሚገኘው የፖሊኔዝያ ባህል ማዕከል የተከፈተው ጥቅምት 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመው በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው። በአንድ ሰፊ አትክልት ውስጥ ስድስት መንደሮች ተሠርተዋል፤ የሐዋይ፣ የሳሞአ፣ የታሂቲ፣ የቶንጋ፣ የፊጂና የኒውዚላንድ ማኦሪዎች። እንግዳው ቲኬት ቈርጦ ከገባ በኋላ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ የዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ ልብስ ሲሆን ያያል፤ ኮኮናት ሲፈለፈል፣ እሳት በእንጨት ፍትጊያ ሲነሣ ይመለከታል፤ ከቀትር በኋላ ዘፋኞቹ በጥንድ ታንኳ ላይ ሆነው በቦዩ ውሃ ሲያልፉ ያያል፤ ሲመሽም በምድር ምድጃ የበሰለ የዐሣማ ሥጋ ይበላና ትልቁን ትርኢት ተመልክቶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። በአንድ ቀን ስድስት ሕዝብ አየሁ ይላል። እነዚያ ደሴቶች ግን በሺህ በሚቈጠር ኪሎሜትር ባሕር የተለያዩ ናቸው።

ነቀፋው በዚህ ቢጀምርም በዚህ ሊያልቅ አይገባውም፤ የነገሩ አመጣጥ ከሚታሰበው የተለየ ነውና። የላኢዬ ምእመናን በ1932 ዓ.ም. ገደማ ጸሎት ቤታቸው በእሳት ስለ ተቃጠለባቸው፣ ቈየት ብለው ሁኪላው የሚባለውን የጥንት የማኅበር ዓሣ ማጥመድ ለእንግዳ ክፍት አደረጉ። መንደሩ በሙሉ አንዱን ረዥም መረብ ከባሕሩ ይስባል፤ እንግዳውም ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ግብር ይበላል፣ ይዘፈናል፤ የተገኘው ገንዘብ ለጸሎት ቤቱ ሥራ ይውላል። ደቦ ለሚያውቅ፣ የደብር ማሠሪያ ገንዘብ በድግስ ሲሰበሰብ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ኋላም ማዕከሉ ሲቋቋም ከየደሴቱ የሚመጡ ተማሪዎች በጎኑ ባለው ኮሌጅ እየተማሩ፣ በማዕከሉ እየሠሩ የትምህርታቸውን ወጪ እንዲሸፍኑ ተደረገ። የሳሞአ ልጅ ስለ ሳሞአ ለእንግዳ እያስረዳ በዚያው ዲግሪውን ይይዛል ማለት ነው። ትርኢትን በጅምላ የሚያወግዙ ጸሐፊዎች ይህን ማለፋቸው ትክክል አይደለም።

ነገር ግን መረብ መሳብና ቲኬት መቍረጥ አንድ አይደሉም። መረቡን አብሮ የሳበ እንግዳ ዓሣው ሲቀር አብሮ ያፍራል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን ምንም የሚቀርበት የለም። ከሁኪላው ወደ ማዕከሉ በተደረገው ሽግግር የጠፋው ይኸው ነው፤ ዘፈኑም ጭፈራውም አልጠፋም፤ የጠፋው የእንግዳው ዕዳ ነው።

ስለ ጭፈራው እውነተኛነት የሚነሣው ክርክር ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ቀለምም የፈሰሰበት ነው። በማታው ትርኢት ሰውን ሁሉ የሚያስደንቀው የሳሞአ የእሳት ቢላ ጭፈራ ነው። ቢላው፣ ኒፎ ኦቲ የሚባለው፣ የጥንት የጦር መሣሪያ ነው፤ እሳቱ ግን የተጨመረው ፍሬዲ ሌቱሊ በሚባል የሳሞአ ሰው በ1938 ዓ.ም. ገደማ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። ሌቱሊ እሳት የሚበላ ህንዳዊና መብራት ያለበት በትር የምታሽከረክር ልጅ በአንድ ስፍራ አይቶ በገዛ ቢላው ጫፍና ጫፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ለኰሰው። ዛሬ የሳሞአ ወጣቶች ይህን ጭፈራ የአባቶቻችን ብለው ይማሩታል፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህም በዚያው በላኢዬ በየዓመቱ ውድድር ይደረግበታል። እንዲሁም ኡኩሌሌ የሚባለው ትንሽ ጊታር የሐዋይ ምልክት ሆኖ በዓለም ሁሉ ቢታወቅም፣ አያቱ በ1871 ዓ.ም. ከማዴራ ደሴት በመርከብ በመጡ የፖርቱጋል ሠራተኞች እጅ የገባ መሣሪያ ነው። እነዚህን እየቈጠሩ «ሐሰት ነው» ማለት የነገሩን ጠባይ አለማወቅ ነው። ሕዝብ ከጐረቤቱም ከእንግዳውም ይወስዳል፤ የወሰደውንም የራሱ ያደርገዋል። ፊጂን ከፖሊኔዝያ መንደሮች አንዱ አድርጎ ማቆሙ እንኳ፣ ምንም እንኳ አብዛኞቹ ሊቃውንት ፊጂን ከሜላኔዝያ ጋር ቢቈጥሯት፣ ከቶንጋ ጋር ያላትን የቈየ ዝምድና ላሰበ ይቅር የሚባል ስሕተት ነው።

ይቅር የማይባለው ዝምታ ነው። የሐዋይ መንግሥት ነጻ መንግሥት ነበረ። በ1822 ዓ.ም. ገደማ አገሪቱን የምታስተዳድረው ካአሁማኑ የአዲሱን ሃይማኖት ትምህርት ተቀብላ ሁላ የሚባለውን ጭፈራ በአደባባይ ከለከለች። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ንጉሥ ካላካውአ በ1875 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ሁላን በግልጥ አስጨፈረ፤ ይህም ጭፈራ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ነገር ነበረ። እኅቱ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ግን ከአሜሪካ መርከብ በወረዱ ወታደሮች በተደገፉ ነጋዴዎች እጅ በ1885 ዓ.ም. ከዙፋኗ ወረደች፤ በ1890 ዓ.ም. ደሴቶቹ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀሉ። ንግሥቲቱ ከዙፋኗ የወረደችው ኢትዮጵያውያን በዓድዋ ከመዋጋታቸው ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው። በላኢዬ የሚታየው ሁላ ይህን ሁሉ አይናገርም። እንግዳው የሚያየው ጊዜ የሌለው መንደር ነው፤ ሰዎቹ ሁልጊዜ ደስተኞች ናቸው፤ ንጉሥ ተሽሮባቸው፣ መሬት ተወስዶባቸው አያውቅም። የሐዋይ ተወላጅ የሆነችው ሊቅ ሃውናኒ ኬይ ትራስክ የቱሪስት ንግድ በባህሏ ላይ የሚያደርገውን ከሴተኛ አዳሪነት ጋር ያነጻጸረችው ከዚህ ምሬት ተነሥታ ነው። አነጋገሯ የከረረ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከተነገረው ይልቅ ስላልተነገረው ነገር ነው።

ሆኖም በዚያ በላኢዬ አንድ ሕያው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም ሳይስተዋል ያልፋል። በሳሞአ መንደር ኮኮናት የሚፈለፍለው ሰው ሥራውን ዝም ብሎ አይሠራም፤ ይቀልዳል። የሚቀልደውም በእንግዳው ነው፤ አለባበሱን፣ ፈሪነቱን፣ ከሱቅ ሌላ ምግብ አለማወቁን እያነሣ ያሥቀዋል። ይህ ለቱሪስት የተፈጠረ ልማድ አይደለም። በሳሞአ ፋሌ አይቱ የሚባል የቀልድ ጨዋታ አለ፤ ቀልደኛው የመናፍስትን ስም ተከልሎ ሹማምንትን ሳይቀር ይተቻል። ከቦታው ወደ አትክልት ስፍራ የተነቀለው ይህ ልማድ ሥሩን አልጣለም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ቀልድ የሚለበስ ወይም የሚጨፈር ሳይሆን የሚባል ነገር ነው፤ እፊቱ ለተቀመጠው ሰው በዚያው ሰዓት ይፈጠራል።

ይህን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይቻላል። የዘመኑ መገጣጠም የሚያስደንቅ ነው። ላኢዬ በተከፈተበት በዚያው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። ያቋቋመው በትውልድ ግብጻዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ሲሆን፣ ኋላ ለብዙ ዓመታት የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በየአገራቸውና በየጊዜያቸው ይሰሙ የነበሩ ሲሆኑ በአንድ መድረክ ተሰልፈው በአንድ ምልክት እንዲጀምሩና እንዲያቆሙ ተደረገ። ከዚያ በፊት በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መንገዱን ጠርገው ነበር። ይህ ሁሉ በጎ ሥራ ነው፤ ከዚያ ሥራ የተነሣ የከተማ ልጅ ዋሽንት ሰምቷል። ዛሬ በከተማው የባህል ምግብ ቤት የሚባሉት አዳራሾች የሚያሳዩት የመድረክ ሥርዓት ግን የዚያ ኦርኬስትራ የልጅ ልጅ ነው፤ የልጅ ልጅነቱንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሰው የጥንት የገጠር ጨዋታ የሚመስለው ነገር በዕድሜ ከላኢዬ መንደር ብዙም አይበልጥም።

ከለቡ የተነሣው ቤተ ሰብ ከእነዚህ አዳራሾች በአንዱ መሶብ ከብቦ ይቀመጣል፤ ዶሮው ወይም ክትፎው ይቀርባል፤ ጠጁ በብርሌ ይመጣል። መድረኩ ይከፈትና የትግራይ፣ የጎጃም፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞ፣ የወላይታ፣ የጋምቤላ ጭፈራ እየተከታተለ ይታያል። ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ በየመካከሉ ያው ጨፋሪ ልብሱን ለውጦ ይመለሳል። ጥበቡ የሚናቅ አይደለም። የስድስትና የሰባት አገር ጭፈራ አጥርቶ የሚያውቅ ወጣት ቀላል ባለ ሙያ አይደለም፤ አያቶቹ የአንዱን አገር ብቻ ያውቁ ነበር። ነገር ግን መድረኩ የመረጠውንና የተወውን ማስተዋል ያስፈልጋል። የሚታየው ሁሉ የሠርግና የደስታ ጨዋታ ነው። ሙሾ የለም፤ የለቅሶ ሥርዓት በዚህ አገር ከሠርግ የማያንስ ግጥምና ዜማ የያዘ ሲሆን እራት ላይ አይቀርብም። የአጨዳና የውቂያ ዘፈን የለም፤ ለምን ቢባል ሥራው የለምና። የኦሮሞው ጌረርሳ ረዥም ነው፤ የአንድን ሰው ሕይወትና የወገኑን ታሪክ ያወሳል፤ ስለዚህ መድረክ አይችለውም፤ ረገዳው ብቻ ይወሰዳል። ሽለላና ፉከራ ይገኛሉ፤ ግን የሚፎክረው ወጣት ማንን እንደ ገደለ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይናገርም። ባለቤት የሌለው ፉከራ ነው። አጠገባቸው የተቀመጡት አያት በልጅነታቸው ፉከራ ሰምተው ከሆነ «ይኼ ልጅ ማነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አይገኝም።

በአዝማሪ ቤት የነበረው ሥርዓት ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። እዚያ እንግዳው አይታለፍም። አዝማሪው ስሙን ጠይቆ፣ አገሩን ገምቶ፣ መልኩንና ጠባዩን በሰምና ወርቅ እያሞገሰም እየነካካም ይገጥምበታል፤ እንግዳው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ስለዚህ ግጥሙ የሁለት ሰው ነው። የሳሞአው ኮኮናት ፈልፋይና የጎንደር አዝማሪ በዚህ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ተመልካችን ተመልካች ሆኖ እንዲቀር አይተዉትም። ይህ ሙያ እንደ ዋዛ የሚታይ አለመሆኑን ጠላት አስቀድሞ ዐውቆታል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት አገዛዝ እንዲረሸኑ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ነበሩበት፤ ወሬ ያዛምታሉና፣ ሕዝቡን ያነሣሣሉና። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ አዝማሪ ለመንግሥት የሚያሰጋ ሰው ነበረ። ዛሬ በትልቁ አዳራሽ ከድምፅ ማጉያው ፊት የሚቆመው አዝማሪ በየጠረጴዛው እየዞረ ያንኑ ውዳሴ ለሁሉ ይደግማል፤ የእራት ማጣፈጫ ሆኗል። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት በፈረሰ ጊዜ አብረው ፈርሰዋል። ጠባቡ ቤትና ዝቅተኛው በርጩማ ለግጥሙ አስፈላጊ መሆናቸውን የከተማ ፕላን አውጪ ሊያስበው ይገባ ነበር፤ አዝማሪ ከአምስት መቶ ሰው ጋር ሊነጋገር አይችልም።

ስለ ለቡም አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ይኸው ቤተ ሰብ የኦሮሞን ጭፈራ ለማየት ከሰፈሩ ወጥቶ በመኪና ይሄዳል፤ ቤቱ የተሠራበትን መሬት ያርሱ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን ምናልባት ከአጥሩ ማዶ ይኖራሉ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ለማለት በየበሩ ይመጣሉ፤ በዕንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ ይመጣሉ። ይህ ያለ ቲኬት፣ ያለ መድረክ፣ በገዛ ጊዜው የሚመጣ ባህል ነው። ግጥሙ የቤቱን ጌታ በስሙ ይጠራል፤ የሚሰጥ ከሆነ ያሞግሰዋል፤ የማይሰጥ ከሆነ ይሰድበዋል። ሙልሙሉ በብር ተለውጧል ተብሎ የሚነሣው ወቀሳ ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ ነገር በብዙ ግቢ ዘበኛው «እዚህ የለም፣ ሂዱ» ብሎ ልጆቹን መመለሱ ነው። ባህል ከበር ሲባረር ቈይቶ በእሑድ ቀን በገንዘብ ይፈለጋል።

የቀረው የደሴት ጕዞ ነው። ከለቡ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለሚፈልግ ደሴት ያለው ዝዋይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በሞጆ፣ በዓለም ጤናና በመቂ ያልፋል። ሐይቁ፣ ኦሮሞዎቹ ደምበል የሚሉት፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ የመቂና የቀጣር ወንዞች ይገቡበታል፣ ቡልቡላ ይወጣለታል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ። ነዋሪዎቹ፣ ጐረቤቶቻቸው ላቂ የሚሏቸው፣ የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይሸምናሉ፣ የተራራውን ጐን በእርከን ከፍለው ያርሳሉ። ብዙዎቹ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ሰላም ሲሆን ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ሰፍረዋል።

እንግዳው ከከተማው ዳር በሞተር ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ቱሉ ጉዶ ሲሻገር ጉማሬና ወፍ ያያል፤ ከደሴቱ ሲወርድ አቀበቱን ይወጣል፤ ከላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። አስጐብኚው የሚነግረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ በዮዲት ዘመን አክሱም በተቃጠለ ጊዜ ካህናቱ ጽላተ ሙሴን ይዘው እዚህ ደሴት መጡ፣ ታቦቱም ለብዙ ዓመታት በዚህ ተቀመጠ፣ የዛይ ሕዝብም ከእነዚያ ካህናት ዘር ነው። የቋንቋ ጥናት የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። የዛይ ቋንቋ ሴማዊ መሆኑ እውነት ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው እንጂ ትግርኛ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው የቋንቋውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1999 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አሳትሟል፤ ሮበርት ሄትስሮንም ዛይን ከሐረሪና ከምሥራቅ ጉራጌ ጋር መድቧል። ይህ ማለት የታቦቱ ታሪክ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ካህናት ከሰሜን መጥተው የአገሩን ሰው አስተምረው፣ ከእርሱ ጋር ተዋልደው ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋው ግን የብዙኃኑ እናቶች ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ምስክሮች ጐን ለጐን ሲቆሙ ታሪኩ ይበልጥ የሚያስደንቅ ይሆናል። እንግዳው ግን አንዱን ብቻ ሰምቶ ይመለሳል፤ ያውም በአማርኛ፤ በዛይኛ አንድ ቃል ሳይሰማ።

ይህም ሆኖ የደሴቱ ቀን ከአዳራሹ ምሽት ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ደሴቱ «ያልተነካ» ስለ ሆነ አይደለም። ያልተነካ ሕዝብ የለም፤ በሐይቁ ዳር የአበባ እርሻዎች ተዘርግተዋል፣ ውሃው ለመስኖ ይሳባል፣ የዓሣው መጠን የአጥማጁ የዕለት ጭንቀት ነው። የሚበልጠው በቱሉ ጉዶ እንግዳው በሌላ ሰው ቀን ውስጥ ስለሚገባ ነው። ሸማኔው ከጕድጓዱ ተቀምጦ ሸማውን የሚመታው ለገበያ ነው፤ ሰው መጣም አልመጣም ይመታል። ቄሱ በሌሉበት ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ አይከፈትም፣ መጻሕፍቱም አይወጡም፤ የለቡ ልጆች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መጠበቅ በአዳራሽም በላኢዬም የማይገኝ ትምህርት ነው። እዚያ ሁሉ ነገር የተሰናዳው ለመጣው ሰው ነው፤ እዚህ ግን የመጣው ሰው ሳይሰናዳለት ይደርሳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሰላምታ እስኪመለስለት ይቆማል።

ከፖሊኔዝያ ታሪክ ለዚህ የሚመች አንድ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1968 ዓ.ም. ሆኩሌአ የምትባል ባለ ሁለት ታንኳ ጀልባ ከሐዋይ ተነሥታ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በከዋክብትና በማዕበል ምልክት ብቻ እየተመራች ታሂቲ ደረሰች። አባቶቻቸው ያን ሰፊ ውቅያኖስ በአጋጣሚ ሳይሆን ዐውቀው እንደ ተሻገሩት በተግባር ታየ። ነገር ግን መንገዱን የመራው የሐዋይ ሰው አልነበረም፤ በሐዋይ ያ ዕውቀት ጠፍቶ ነበር። ሳታዋል ከምትባል ትንሽ የሚክሮኔዝያ ደሴት የመጣ ማው ፒያይሉግ የሚባል መርከበኛ ነው የመራው፤ እርሱም ዕውቀቱን የተማረው ከአያቱ አፍ ነው። በላኢዬ ታንኳ ሞልቶ ነበር፤ በየቀኑም በቦዩ ላይ ይሄድ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ግን ቱሪስት ከማይደርስበት ደሴት ተፈልጎ መጣ። የሐዋይ ወጣቶች ከእርሱ ተምረው ዕውቀቱን ወደ አገራቸው መለሱት።

በዝዋይም ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ የሞተር ጀልባው በበዛ ቍጥር የሚማርላቸው ልጅ ማነሱ አይቀርም። ታንኳዋን ከሐይቁ አውጥቶ በሙዚየም ማኖር ይቻላል፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም ይህን የመሰለውን ሥራ ለብዙ ዕቃ በክብር አድርጎታል። ደንገሉ በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፣ ምን ያህል ቀን በፀሐይ እንደሚሰጣ፣ እንዴትም እንደሚታሰር ግን ዕቃው አይናገርም። የኢትኖሎጂ ተማሪ ከእነዚያ እንግዶች ጋር በአንድ ጀልባ ቢሻገር፣ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፤ የሚጠይቀውም በዛይኛ ቢሆን ይመረጣል።

ከቀትር በኋላ የሞተር ጀልባው ነጂ መንገደኞቹን ይጠራል፤ ሐይቁ ሳይመሽ መሻገር ይሻላል። የለቡ ቤተ ሰብ ከቄሱ ተሰናብቶ አቀበቱን ይወርዳል። ከዳር የደሴቱ ልጆች ቆመው እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ከከተማ የመጡትንም ልጆች እያዩ ይሥቃሉ። ምን እንዳሉ ለመተርጐም አስጐብኚው በዚያን ጊዜ አይገኝም።